የጋሽ ወልዱ ወንበር ማሞቂያ

«አዎ ልጄ፣ እናትሽማ በጣም ነው ደስ ያላት። ወገቧን ለቀቅ አርጎላታል። ጠዋት ማታ አንቺን ስትመርቅ ነው የምትውለው» ይላሉ ጋሽ ወልዱ፣ በረንዳው ላይ ቆመው፣ ስልኩን አፋቸው ፊት እንደ ማይክ ይዘው። እናትየው፣ እቴቴ አፀደ፣ ከሳቸው ሶስት እርምጃ ራቅ ብላ ሞቅ ያለ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልታ፣ ጠርሙሱን በአሮጌ ሹራብ እጅጌ ጠቅልላ፣ ወገቧ ላይ በነጠላ ታስራለች። አፏ ግጥም ብሏል። ምርቃቱ በየት በኩል እንደሚወጣ ኪሩ አልገባውም። ሰርቪስ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ ጥርሱን እየፋቀ ነበር፤ መፋቂያውን ከአፉ አውጥቶ ደግሞ አየ፣ ደግሞ ሰማ። «እሷን ላቅርብልሽ? አይ፣ አሁን ስራ ላይ ናት» አሉና ጋሽ ወልዱ ስልኩን ዘጉት። እቴቴ አፀደ ነጠላዋን ቋጠረችና ወደ ጓዳ ገባች። በዚህ ቤት ሰው ደስ የሚለው እንዲህ ነው።

ሮሐ፣ ልጃቸው፣ ሰው ብርድ በገንዘቡ በሚገዛበት በዱባይ ነው የምትሰራው። የእናትሽ የወገብ ዲስክ ተንሸራቷል፣ ብርድ እንዳያገኛት ተብሏል ሲሏት ጊዜ፣ በዛ ሁሉ ሙቀት መሀል ከየት እንዳገኘችው እግዜር ይወቀው፣ የመኪና ወንበር ማሞቂያ ላከች። ለአንድ ወንበር የሚሆን፣ ከወንበር ልብሱ ስር የሚሰፋ፣ ውስጡ ሽቦ የተጠላለፈበት ስስ ፍራሽ ነገር ነው። ካርቶኑ ላይ በወፍራም እስክሪብቶ «ለእማዬ ወገብ» ብላ ጽፋበታለች። ጋሽ ወልዱ ደግሞ ማንበብ የሚያቅታቸው ሰው አይደሉም፤ ሰላሳ ሁለት ዓመት መስሪያ ቤት ንብረት ክፍል ሰርተው ጡረታ የወጡ፣ ደረሰኝ ወደ ብርሃን ይዘው የሚያነቡ ሰውዬ ናቸው። አነበቡት። አንብበው ሲያበቁ «መኪናውን የሚነዳው ማነው?» የሚል ጥያቄ አነሱ፣ ሌላ ሰው እንዳይደክም ራሳቸው መለሱት፣ ማሞቂያውም የሹፌሩ ወንበር ላይ ተሰፋ። እቴቴ የምትቀመጠው ጋቢና ነው። የጋቢናው መስኮት ከዓምና ጀምሮ እስከ ላይ አይዘጋም፣ ሶስት ጣት ይቀረዋል፤ በዛች ሶስት ጣት የእንጦጦ ብርድ ሳይከፍል ይሳፈራል። እሷ ጋ ሲደርስ ጠርሙሷን አቅፋ ትጠብቀዋለች።

«ኪሩ።»

«አቤት ጋሼ።»

«ዛሬ ይቺን ነገር መብራት ታደርግላታለህ። ስትሰራ የሚበራ፣ ሳትሰራ የሚጠፋ። ከመሪው አጠገብ፣ ዓይኔ የሚያርፍበት ቦታ። ባትሪዬን ሁለቴ ጨርሳዋለች።»

«ማሞቂያዋ ናት?»

«ታዲያ እኔ ነኝ?»

እውነታቸውን ነው፣ ሁለቴ ጨርሳዋለች። ወንበር ልብሱን የሰፋው ሰውዬ ማሞቂያውን በቀጥታ ከባትሪው ጋር አስሮት ሄዷል። ጋሽ ወልዱ ከጎኑ ባለችው ማጥፊያ ማጥፋት ይረሳሉ፣ ማሞቂያው ሌሊቱን ሙሉ ባዶ ወንበር ሲያሞቅ ያድራል፣ ጠዋት ኮሮላዋ «ክ» ብላ ዝም ትላለች። ቀጨኔ ላይ መኪና ቢቆም መግፋት አለ፣ የቀጨኔ መንገድ ደግሞ ግማሹ ዳገት ነው፤ ባለፈው ማክሰኞ የሰፈሩ ጎረምሳ በሙሉ ወጥቶ ሲገፋ ጋሽ ወልዱ ውስጥ ቁጭ ብለው፣ ወንበሩ ሙቅ ስለነበር፣ ፊታቸው ላይ ጥሩ ስሜት ይታይ ነበር። ኪሩ ከሰባተኛ ክፍል ወጥቶ የመኪና ኤሌክትሪክ በእጁ የለመደ ልጅ ነው፤ ፈተና አያልፍም እንጂ ሽቦ አይሸውደውም። «ጋሼ፣ መብራት ሳያስፈልግ ከሞተር ማስነሻው ቁልፍ ጋር ባገናኘው እኮ መኪናው ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል» አለ። «መብራት ነው ያልኩህ» አሉ። «ደግሞ ቀልድ አልፈልግም። ደወሉን አልረሳሁም። ሌላ አንድ ቀልድ፣ ፍራሽህን ተሸክመህ ነው ከዚህ ግቢ የምትወጣው።» ደወሉ ማለት፣ ኪሩ የአጥሩን ደወል ከሽንት ቤቱ በር ጋር ያገናኘ ጊዜ ነው። ሽንት ቤቱ በተከፈተ ቁጥር ደወሉ ሲጮህ፣ ጋሽ ወልዱ አንድ ሙሉ ቅዳሜ «ማነው?» እያሉ በር ሲከፍቱ ዋሉ። ኪሩ የእቴቴ የወንድሟ ልጅ ነው፣ ሰርቪሷ ውስጥ የሚያድረው በእቴቴ ነው፤ ከዛች ክፍል ከወጣ ቀጨኔ ውስጥ በሱ አቅም የሚከራይ ቤት የለም፣ ካለም ጣራው የሚያፈስ ነው።

ጋሽ ወልዱ በመብራት ያምናሉ። በሰው አያምኑም፣ በገዛ እጃቸውም አያምኑም፣ በመብራት ግን ያምናሉ። ከቴሌቪዥኑ ስር ያለው ስቴብላይዘር አረንጓዴ ካላሳየ ዜና አይታይም። የሻወሩ ማሞቂያ ቀይ ካልበራ፣ ውሃው ቆዳ ቢልጥም፣ ቀዝቃዛ ነው ተብሎ ይጠበቃል። ዓምና የካውያዋ መብራት ተቃጠለች። ካውያዋ ትሰራለች፣ እቴቴ እየተኮሰችባት ነው። ጋሽ ወልዱ መጥተው አዩና «ተበላሽቷል» አሉ። «ኧረ ይሞቃል» ብትላቸው «መብራቱ የታለ ታዲያ?» አሏት። ቆራሌው ሲያልፍ ጠርተው በመቶ ሃምሳ ብር ሸጡለት፤ ቆራሌው ካውያዋን ከስር ሲይዛት እጁን አቃጠለችው፣ ጋሽ ወልዱን አየ፣ ካውያዋን አየ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ሳይከራከር እየሮጠ ሄደ። ከዛ ቀን ወዲህ እቴቴ ስለ ሙቀት አትከራከርም።

ሶስት ሰዓት ሳይሞላ የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ። ከቀጨኔ ተነስተው ሸጎሌ አዲስ ቤት የገቡት የወይዘሮ መሰለች ባል አርፈዋል፣ ቀብር ስድስት ሰዓት። ጋሽ ወልዱ የእድሩ ሊቀመንበር ስለሆኑ ወዲያው ጃኬታቸውን ደረቡ፤ ከጸሐፊው ከጋሽ ዓለሜ ጋር የእድሩን መጋዘን ከፍተው ድንኳንና አግዳሚ በአይሱዙ ማስጫን አለባቸው፤ ቀብሩንም በዛው አድርገው ይመለሳሉ። የመኪናውን ቁልፍ ለኪሩ ሲሰጡት መንግስት እንደሚያስረክብ ሰው ሁለቴ አዩት። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ አክስትህን ይዤ ለቅሶ እደርሳለሁ። መብራቷ በርታ ላግኛት። አንተም አብረህ ትሄዳለህ፣ መንገድ ላይ ብትጠፋብኝ።» ያኔ እቴቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «እኔ ዛሬ ባልሄድስ? ወገቤ...» አለች። «የሊቀመንበሩ ሚስት ለቅሶ ቀረች ሊባል ነው?» አሉና ሄዱ። ጠርሙሷን ቀየረች። ሸጎሌ ደርሶ መልስ፣ በዛች ሶስት ጣት መስኮት፣ ባለፈው ሳምንት ሁለት ቀን አልጋ ላይ አስተኝቷታል። የዛሬው ስንት ቀን እንደሚያስተኛት በሆዷ እየቆጠረች እንደሆነ ኪሩ ከፊቷ አየ።

አዲሱ ገበያ ሄደ። አሪፋ የምትባል የመለዋወጫ ሱቅ ያላት ሴትዮ አለች፣ ምላሷ ከዕቃዋ የበለጠ የሚሸጥ። ቀይ መብራት፣ መጫኛ ቁልፍ፣ አንድ ፊውዝና ሪሌ ጠየቃት፤ ሪሌ ማለት ትልቁን ኤሌክትሪክ በትንሽ ትዕዛዝ የምታሳልፍ የክብሪት ቀፎ የምታክል ሳጥን ናት። መብራቷን ጠረጴዛው ላይ ጣል አረገችለትና «መቶ ሰማንያ» አለች።

«ለዚች? ጤፍ የምታክል ናት እኮ።»

«ጤፍስ ረክሷል?»

«አረንጓዴውስ ስንት ነው?»

«አረንጓዴውም ያው ነው። ለምንድነው የፈለከው?»

«ለወንበር ማሞቂያ።»

አሪፋ ሳቀች። «የማን መቀመጫ ነው እንዲህ የተከበረው?» አለች። ኪሩ ነገራት። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውንም ነገራት። እሷም ከመብራቷ ላይ ሰላሳ ብር ቀነሰች። «የቀነስኩት ለሴትዮዋ ነው፣ ለሰውዬው አይደለም» ብላ በጥቁር ፌስታል ጠቅልላ ሰጠችው።

ግቢ ገብቶ የሹፌሩን ወንበር ልብስ ፈታ። በደንቡ ከሆነ ስራው እንዲህ ነው፤ መብራቷን ወደ ማሞቂያው ከሚሄደው ሽቦ ላይ፣ ከፊውዙ በኋላ ትወስዳታለህ፣ ሌላውን ጫፏን ከመኪናው ብረት ጋር ታስራለህ፤ ማሳ መምታት ይሉታል። ያኔ መብራቷ ምስክር ናት፤ ማሞቂያው ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ትበራለች፣ ፊውዙ ከተቃጠለ አብራ ትጠፋለች፣ አትዋሽም። ከመጫኛው ቁልፍ ላይ ብቻ ወስደህ ካሰርካት ግን መብራቷ የምትመሰክረው ጣት ቁልፉን መጫኑን ነው፤ ታች ማሞቂያው ይስራ አይስራ አታውቅም። ይሄን የማይለይ ኤሌክትሪሺያን ሙሉ ነው፣ ወንበር ልብሱን የሰፋው ሰውዬም ከነሱ አንዱ ነው። ኪሩ ይለያል። ለይቶ፣ ፒንሳውን እንደያዘ፣ ፍራሽ መሳዩን ማሞቂያ ጭኑ ላይ ዘርግቶ ተቀመጠ። በእጁ አንድ ማሞቂያ፣ አንድ መብራት አለ። ጋሽ ወልዱ ሲያዙት ምን አሉ? መብራት ነው ያልኩህ አሉ። ታዲያ መብራቱ ለሳቸው ነው። ማሞቂያው ደግሞ ካርቶኑ ላይ የማን እንደሆነ ተጽፏል። ይሄ ቀልድ አይደለም፣ ንብረት ለባለቤቱ መመለስ ነው፤ የንብረት ክፍል ሰው ሊቆጣበት አይገባም ብሎ ራሱን አሳመነ። ራሱን ማሳመን ለኪሩ ከብዶት አያውቅም።

ጋቢናውን ፈታ። ማሞቂያውን እዛ ዘረጋ። ሪሌዋን ከመኪናው ቁልፍ ጋር አገናኘ፤ ሞተር ሲነሳ ማሞቂያው ይነሳል፣ መኪናው ሲጠፋ ይጠፋል፣ ሲግል ራሱ ያርፋል፣ ባትሪ የሚነካው የለም። አዲሱን መጫኛ ቁልፍና ቀዩዋን መብራት ደግሞ ከመሪው አጠገብ ቀዳዳ አበጅቶ ተከላቸው፤ ሲጫን ትበራለች፣ ሲጫን ትጠፋለች፣ ከዛ ሌላ በዓለም ላይ ስራ የላትም። ሽቦውን በናስትሮ ጠቅልሎ በምንጣፉ ስር ደበቀ። የሹፌሩ ወንበር ውስጥ ባዶ እንዳይሆን፣ እቴቴ ጓሮ ያሰጣችውን የጨርቅ የዱቄት ከረጢት አጣጥፎ አስገባበት። ከረጢቱን ሲጠቀጥቅ ጥላ አረፈበት። ቀና ሲል እቴቴ ቆማለች።

«ምን እያረክ ነው?»

«መስመር እየፈለኩ ነው፣ እቴቴ።»

ከረጢቱን አየች። ጋቢናውን አየች። ከጋቢናው ወንበር ስር የወጣችውን ሽቦ በዓይኗ ተከትላ እስከ ሞተሩ ሄደች፣ ተመለሰች። ኪሩ አሁን ትጮህብኛለች፣ ወይ ታለቅሳለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን ወደ ቤት ገባች። «አለቀልኝ» አለ ኪሩ፣ ፍራሹን በማን ጋሪ እንደሚያስጭን ማሰብ ጀመረ። ትንሽ ቆይታ የጆንያ መርፌና ጥቁር ክር ይዛ መጣች። በአንድ እጇ ወገቧን ደግፋ ጋቢናው ደፍ ላይ ቁጭ አለችና የወንበር ልብሱን ራሷ ትሰፋው ጀመር። የድሮው ስፌት በወጣበት ቀዳዳ እየገባች፣ አንድም አዲስ ቀዳዳ ሳትበሳ። ሙሉ ስፌቱ አልቆ ክሩን በጥርሷ ስትበጥስ ብቻ «የሱንም አምጣው፣ አንተ ስትሰፋ ታወላግዳለህ። እሱ ክር ያያል» አለች።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ጋሽ ወልዱ ከቀብር መጡ፣ ጫማቸው ቀይ አፈር ለብሶ። ፊታቸውን ታጥበው፣ ጥቁር ክራባታቸውን አስተካክለው መኪናው ውስጥ ገቡ። ሞተር አስነሱ። መጫኛዋን ተጫኑ። መብራቷ ቀይ ሆና በራች፣ ፊታቸውም አብሮ በራ። «እ...» አሉና ዓይናቸውን እሷ ላይ ተከሉ። ኪሩ በሩን ይዞ ቆሟል። አንድ ደቂቃ የምታክል ነገር አለፈች። እቴቴ ጋቢና ገብታ በሯን ዘጋች፣ ጠርሙሷን ግን አልያዘችም።

«ጊዜ ይፈልጋል ጋሼ፣ ቀስ እያለ ነው የሚ...»

«ዝም በል እስቲ» አሉ። ከዛ ተንፈስ አሉ። «መጣ። ከስር ነው የሚነሳው። ወደ ወገብ እየወጣ ነው።» ሆዳቸውን ወደፊት ገፍተው ተመቻቹ። «ያ ሰፊ ምንም አልቻለበትም ነበር። አንድ ጎን ብቻ ነበር የሚሞቀኝ። ይሄ እኩል ነው፣ ሁሉንም ነው የያዘው። ትምህርትህን ብትቀጥል ኖሮ የት በደረስክ አንተ ልጅ፣ ጭንቅላት ነበረህ።» ኪሩ ከኋላ ወንበር ገባና በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከተ፤ ፊት ለፊት ካየ መሳቁ ነው።

ወደ ሸጎሌ ሲወርዱ ከእንጦጦ የመጣው ነፋስ መንገዱ ላይ ያለውን ፌስታል ሁሉ አስነስቶት ነበር። የበግ ነጋዴዎች መሀል ላይ ቆሙ፤ አንድ ሰውዬ ጠቦቱን በቀንዱ ይዞ መስኮቷ ጋ ተጠጋና «አባባ፣ አስራ ስምንት ሺህ፣ ለርስዎ» አለ። ጋሽ ወልዱ ለቅሶ ላይ እንደሆኑ ነገሩት። «ለተዝካሩ ይሆናል» አለ ሰውዬው። ሾልከው አለፉ። አዲሱ ገበያን እንዳለፉ ጋሽ ወልዱ ግንባራቸውን በመሀረብ ጠረጉ። በእውነት ጠረጉ፣ ላብ ነበረው። «በዛ» አሉና መጫኛዋን ተጭነው መብራቷን አጠፏት። ትንሽ ቆይተው «አሁን ቀለል አለኝ» አሉ። ኪሩ መብራቷን አየ፣ መሀረቡን አየ፣ ለራሱም ትንሽ ፈራ። ጋቢና ደግሞ እቴቴ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች። ቀጥላ ሹራቧን ከፈተች። በሶስቷ ጣት ክፍተት ነፋሱ ፀጉሯን ያመሰዋል፣ እሷ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ደገፍ ብላ ዓይኗን ጨፍናለች። ኪሩ እቴቴን መኪና ውስጥ ተደግፋ ሲያያት የመጀመሪያው ነው፤ ሁልጊዜ ወደፊት አጎንብሳ፣ እጀታውን ይዛ፣ ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ትንፋሿን ውጣ ነበር የምትሄደው።

«አይበርድሽም እንዴ? ሹራቡን የከፈትሽው» አሉ ጋሽ ወልዱ።

«ካንተ ይደርሰኛል።»

«አልኩሽ እኮ። ለሁለት የሚበቃ ነው። አንቺ ‹ለኔ ነው የተላከው› ስትይ...»

«እኔ መች አልኩ?»

«በሆድሽ።» መልሰው መብራቷን አበሯት። «አሁን እስከ ሸጎሌ አላጠፋውም። ሙቂ።»

«እሺ» አለች እቴቴ ዓይኗን ሳትገልጥ።

ለቅሶው ቤት ድንኳኑ ሞልቷል። በአንድ በኩል የወይዘሮ መሰለች የቸርች ሰዎች ቀስ ብለው ይዘምራሉ፣ በሌላ በኩል የእድሩ ወንዶች አግዳሚ ላይ ተደርድረው ጫማቸውን ያያሉ። እቴቴ ሴቶቹ ጋ ገባች። ጋሽ ወልዱ መሰለችን አጽናኑ፣ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሉ፣ የሟችን ቅንነት ተናገሩ፣ ለሩብ ሰዓት ያህል አንገታቸውን ደፉ። ከዛ ወደ ጋሽ ዓለሜ ጠጋ አሉና «ወገብህ እንዴት ነው?» ብለው ጠየቁ። ጋሽ ዓለሜ «ኧረ ተወኝ» አሉ። እንዲህ ተጀመረ። ስለ ሟች አስራ አምስት ደቂቃ የተወራበት አግዳሚ ላይ ስለ ጋሽ ወልዱ ወንበር ግማሽ ሰዓት ተወራ። ነርቭ እንደሚያፍታታ፣ ደም እንደሚያዘዋውር፣ ከስር ተነስቶ ወደ ላይ እንደሚወጣ፣ ፊዚዮቴራፒ ሄዶ ብር መጨረስ ሞኝነት እንደሆነ አስረዱ። በመጨረሻ «ቃል ምን ያደርጋል፣ ኑ እዩት» አሉና ሶስት ሽማግሌ አስከትለው ከድንኳኑ ወጡ። ኪሩም ተከተለ። ከሶስቱ ሽማግሌ አንዱ «ይሄማ ቀዝቃዛ ነው» ቢል፣ ዛሬ ማታ ፍራሹ መንገድ ላይ ነው፣ ማሞቂያውም ወደ ሹፌሩ ወንበር ይመለሳል።

ሞተር ተነሳ፣ መብራቷ በራች፣ ጋሽ ዓለሜ በሹፌሩ ወንበር ገቡ። ሁሉም አቀርቅረው መብራቷን አዩ። «እንዴት ነው?» አሉ ጋሽ ወልዱ። ጋሽ ዓለሜ ሊቀመንበሩን ቀና ብለው አዩ፣ መብራቷን አዩ፣ ዱቄት ከረጢቱ ላይ ትንሽ ተንቀሳቀሱ። «ኧረ አለ» አሉ። «አለ፣ አለ። ትንሽ ግራውን ይበልጣል።» ሁለተኛው ሰውዬ ገና ሳይመቻቹ «ውይ» አሉ፣ ሰውነታቸውን እስከ ጉልበት እንደወረራቸው ተናገሩ። ሶስተኛው የባሱ ነበሩ፤ ማቃጠል ይችላል፣ ለስኳር በሽተኛ ጥንቃቄ ይፈልጋል ብለው አስጠነቀቁ። ጋሽ ዓለሜ ይሄን ሁሉ ጊዜ ባርኔጣቸውን ጋቢናው ወንበር ላይ አስቀምጠው ነበር። አንስተው ሲደፉት ቆም አሉ። አወለቁት፣ ውስጡን በእጃቸው ዳበሱት፣ ጋቢናውን ዞረው አዩ። ጋቢናው በኩል ግን መብራት የለም። ጋሽ ዓለሜ ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉና «ለኔም በዚህ ሳምንት ይሰራልኝ እንጂ» ብለው የኪሩን ትከሻ መታ መታ አደረጉ።

ሲመለሱ ሊመሽ ጥቂት ቀርቶታል። ጋሽ ወልዱ በራሳቸው ተደስተዋል፣ እቴቴ እንቅልፍ ወስዷታል፣ ኪሩ ደግሞ ሽማግሌዎቹ የሰጡት ምስክርነት ስንት ሰው ጋ እንደደረሰ እያሰበ ነው። ሰፈር ሲደርሱ የግቢያቸው በር ላይ አንድ ሙሉ ገልባጭ አሸዋ ተደፍቶበታል፤ ጎረቤት ያለው ሙንዲር አጥር ሊያሰራ ነው። «ጠዋት አነሳዋለሁ ጋሼ፣ ይቅርታ» አለ ከአሸዋው ጫፍ ላይ ሆኖ። ጋሽ ወልዱ ትንሽ አጉረመረሙና መኪናዋን ቅያሱ ላይ በሹፌሩ በኩል ከግንቡ ጋር አጣብቀው አቆሟት፤ አለዚያ ሌላ ሰው አያሳልፍም። እቴቴ በጋቢናው ወረደች። እግሯን አወጣች፣ ተነሳች፣ ቀጥ አለች። እጀታ አልያዘችም፣ «እህህ» አላለችም። አሸዋውን ዞራ እንደ ልጃገረድ ቶሎ ቶሎ ገባች። ኪሩ ከኋላ ወርዶ በር ያዘ። ጋሽ ወልዱ በሳቸው በኩል በሩ ግንቡ ስለሚመታ ሞተሩን አጥፍተው፣ ማርሹን ተሻግረው፣ እያቃሰቱ በጋቢናው በኩል ሊወጡ ተንሸራተቱ። ጋቢናው ላይ ቁጭ አሉ።

አንድ እግራቸው ውጭ፣ አንዱ ውስጥ ሆኖ እንደተቀመጡ ቀሩ። ኪሩ አያቸው። መጀመሪያ መዳፋቸውን ከጎናቸው ወንበሩ ላይ አሳረፉ። አነሱት። ደግመው አሳረፉት። ከዛ እጃቸውን ዘርግተው የሹፌሩን ወንበር ነኩ፤ ቆየት አርገው ነኩት፣ በጥፍራቸው ስፌቱን ተከትለው ሄዱ። መኪናው ጠፍቷል፣ መብራቷ ጠፍታለች፣ ማንም የሚመሰክር የለም፣ እጃቸው ብቻ ነው ያለው። ኪሩ በሆዱ ጫማውን፣ ፒንሳውን፣ ብርድ ልብሱን እየሰበሰበ ነው። ጋሽ ወልዱ ግን አልተነሱም። ውጭ ያለውን እግራቸውን ቀስ ብለው ወደ ውስጥ መለሱት። ወደ ኋላ ደገፍ አሉ። በሶስቷ ጣት ክፍተት የሚገባው ነፋስ አንገታቸውን ሲመታቸው ኮታቸውን ሰበሰቡ፣ ወገባቸውን ወደ ወንበሩ አስጠጉ። ለካ ይሄ ሰውዬም ወገብ አለው። ከዓምና ጀምሮ እዚህ ጋ ምን እንደሚነፍስ የሚያውቁ አይመስልም ነበር። የቤቱ በር ተከፍቶ እቴቴ ከውስጥ ስታንጎራጉር ይሰማል፤ ሰሃን እያነሳች እያስቀመጠች ነው፣ ማጎንበስ የሚፈልገውን የታችኛውን ቁም ሳጥን ስትከፍት ተሰማ፣ ስትዘጋ ተሰማ። ጋሽ ወልዱ ያንን አዳመጡ።

ስልካቸው ጮኸ። አይተው ወዲያው አላነሱም። ሶስቴ ከጮኸ በኋላ አነሱት፤ የጋሽ ዓለሜ ድምፅ እስከ ኪሩ ይሰማል። «ወልዱ፣ ያ ነገር እኮ ጉድ ነው። ለባለቤቴ ነገርኳት። እስካሁን ትኩሳቱ አልለቀቀኝም፣ ታምናለህ?»

ጋሽ ወልዱ ኪሩን ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት። ኪሩ አንገቱን ደፋ።

«አዎ» አሉ በመጨረሻ። «ይቆያል። ሙቀቱ ይቆያል።»

«ልጁ መቼ ይምጣልኝ?»

«ጊዜ የለውም አሁን። የኔን አልጨረሰም» አሉና ዘጉት።

ከጋቢናው ወጡ። በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት፣ ቆልፈው መሳቡን በእጃቸው አረጋገጡ። በአሸዋው ዙሪያ ሁለት እርምጃ ሄዱና ሳይዞሩ ቆሙ።

«ኪሩ።»

«አቤት ጋሼ።»

«ይቺ መብራት ትንሽ ደብዘዝ ትላለች። ፀሐይ ሲሆን አትታይም። ነገ ደመቅ ያለች ቀይርልኝ።»

«ቀይ ትሁን፣ አረንጓዴ?»

«ቀይ ነዋ» አሉ ጋሽ ወልዱ ወደ ቤት እየገቡ። «አረንጓዴ ሙቀት የት አይተህ ታውቃለህ?»